የነዛሃት ሁለት መቀሶች

ነዛሃት ሁለት መቀስ አላት። ትልቁ፣ ጥቁር እጀታ ያለው፣ የጨርቅ መቀስ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። በዚህ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው ከሱቋ በሰላም አይወጣም። ወረቀት ስለቱን ይበላዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሐር ያኝካል እንጂ አይቆርጥም ባይ ናት። አንድ ቀን የመድኃኒት ካርቶን ልከፍትበት ብዬ ባነሳው ከእጄ ላይ መንትፋ ወሰደችው። በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ «አብላ» እያለች እንደ ታላቅ እህት ነው የምትጠራኝ፤ ለመቀሱ ሲሆን ግን ታላቅ ታናሽ የሚባል ነገር አታውቅም። ሁለተኛው የዶሮ መቀስ ነው። ቤቷ፣ ማድቤት ውስጥ፣ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ዶሮ ይበልታል፣ የሩዝ ከረጢት ይከፍታል፣ የአበባ ግንድ ይቆርጣል። እሱን ማንም ቢያነሳው ግድ የላትም።

ሱቋ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ነው፤ ቱርክ አገር ቡርሳ ከተማ ውስጥ፣ የገበያው አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የጠበበ ታሰፋለች። በሰፈሩ ማን እንደወፈረ ማን እንደከሳ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ከአፏ ግን አይወጣም። እኔ ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን እዚያ ነው የማሳልፈው። እሷ ትሠራለች፣ እኔ አወራለሁ። በዚህ ሁለታችንም ደስተኞች ነን።

ባሏ ሐይሪ የሞተ ጊዜ ልጇ ኦርቹን ገና ተማሪ ነበር። ሐዘኑ እንደወጣ የመጀመሪያው የሰርግ ጥሪ መጣ። እኛ ዘንድ ሙሽሮቹ አንገታቸው ላይ ሪባን ያጠልቁና ይቆማሉ፤ ዘመድ አዝማዱ ተራ ይዞ እንደ አቅሙ ሙሉ፣ ግማሽ ወይ ሩብ የሚባል የወርቅ ሳንቲም በመርፌ ቁልፍ ሪባኑ ላይ ይሰካል። አጠገባቸው ማይክሮፎን የጨበጠ ሰውዬ አለ፤ ማን ምን እንደሰካ ለአዳራሹ ሙሉ ሰው ይለፍፋል። «የሙሽራዋ አጎት፣ አንድ ሙሉ ወርቅ!» ይላል፣ ከበሮ ይመታል። የእኛ ሰው ባንክ አይፈራም፣ ግብር ሰብሳቢ አይፈራም፤ ያን ሰውዬ ይፈራል። ነዛሃትም ፈራች። ባሏ ሞተባት፣ እጅ አጠራት እንዳይሏት ብላ አንድ ሙሉ ወርቅ በዱቤ ካርድ ገዝታ ሄደች። በካርድ የተገዛ ወርቅ ሪባን ላይ ሲሰካ ከሌላው ወርቅ እኩል ነው የሚያበራው። ማንም አላወቀም።

ሰርግ ደግሞ በአንድ አይቆምም። ከሰርጉ ቀጥሎ የልጅ ግርዛት፣ ከግርዛቱ ቀጥሎ ወታደር መሸኘት፣ ከዚያ ሌላ ሰርግ። ለሁሉም ሄደች፣ ለሁሉም ሰካች። ወር ሲደርስ ባንኩ ሙሉውን ክፈይ አይላትም፤ ቢያንስ ይህችን ያህል ክፈይ ይላታል። ያችን ታህል ትከፍላለች፣ የቀረው ወለድ ይወልዳል። ያችን የምትከፍልበት ሲጠፋ ከሌላ ካርድ ታወጣለች። ካርዶቹም እንደ ድመት ግልገል አራት ደረሱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ጎረቤት ቡችላ አወራ ነበር። አንዳች ነገር አልጠረጠርኩም፤ ይሄ እስካሁን ያበሽቀኛል።

ከዚያ ነው ከእኛ ሴቶች በቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት የሠራችው። እኛ የወርቅ እቁብ አለን። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ሻይ እንጠጣለን፣ አይብ የተሞላ ቦሬክ እንበላለን፣ ሰው እናማለን። እያንዳንዳችን ለባለተራዋ አንድ ግራም ወርቅ ይዘን እንመጣለን። ነዛሃት የመጀመሪያውን ዕጣ ስጡኝ ብላ ለመነችን፤ ለኦርቹን ትምህርት መስሎን ሰጠናት። እሷ ግን ወርቁን በማግስቱ ሸጣ አንዱን ካርድ ዘጋችበት። ተገላገልኩ አለች። የዘነጋችው፣ ያ ወርቅ የእኛ ዕዳ መሆኑን ነው። ለቀሩት ወራት በየወሩ አንድ ግራም መክፈል አለባት፤ በዚያ ላይ ወርቅ መወደድ ጀመረ። ገንዘባችን ሊራ ሲወርድ ወርቁ ሲወጣ፣ ወሩ ይደርሳል፣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ። ምን ታድርግ? የዘጋችውን ካርድ እንደገና ከፈተችና ግራሟን በእሱ መግዛት ጀመረች።

የደረስኩባት ወርቅ ቤት ውስጥ ነው። የጆሮዬ ጉትቻ ማያዣው ተሰብሮ ላሠራ ብገባ ከፊቴ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለችና አላየችኝም። ለባለወርቁ ካርድ ሰጠችው፤ ማሽኑ እምቢ አለ። ሌላ ሰጠችው፤ እምቢ አለ። ሦስተኛውን ስትሰጠው ማሽኑ አሰበ አሰበና ወረቀት ተፋ። ግራሟን በትንሿ ላስቲክ ይዛ ስትዞር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ሙዓላ አብላ፣ መቼ መጣሽ?» አለች።

«ሁለተኛው ካርድሽ እምቢ ሲል።»

ቀላች። እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝና መስጊዱ አጥር ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ነገረችኝ። ሁሉንም፣ ከሐይሪ ሞት ጀምራ። ስትነግረኝ ግራሟን እንደ ጫጩት በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ቆይ እስቲ» አልኳት፤ «ባለፈው ወር እኔ ቤት ያመጣሽልኝም በብድር ነው?»

«እሱም።»

«እኔ ደግሞ ሰንሰለት አሠርቼበት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስንጎራደድ!»

«ያምርብሻል እኮ።»

«አፍሽን ዝጊ አንቺ።»

ሳቅን። ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰው ከመስጊድ እየወጣ ዘመድ የሞተብን መስሎት አላህ ያጽናችሁ ይለን ጀመር። አሜን አልን።

ለሴቶቹ እንድትነግር የመከርኳት እኔ ነኝ። እሞታለሁ እንጂ አልነግርም አለች። በሚቀጥለው ወር ስንሰበሰብ ግን ሻዩ ሳይቀዳ ተነሳች። ወርቁን በካርድ እየገዛሁ ነው፣ ካርዱን በካርድ እየከፈልኩ ነው፣ ከዚህ በኋላ አልችልም አለችን። ቁጭ አለች። እኔ አሁን አንዷ ክፉ ቃል ትወረውር ይሆናል፣ ከወረወረች ቦሬኩን ፊቷ ላይ ነው የምደፋው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልወረወረም። ከሁላችን ሀብታሟ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ «የእኔ መጋረጃዎች አሥር ዓመታቸው ነው» አለች። ሌላዋ «የእኔም» አለች። በዚያው ተስማማን፤ የቀረባትን ድርሻ በመጋረጃ ልትከፍለን። የዚያን ዓመት በሰፈራችን መስኮት ሁሉ አዲስ መጋረጃ ተሰቀለ፤ መንገደኛው ሹመት ያገኘን ሳይመስለው አልቀረም።

ባንክ አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለን ልጅ መልካም ልጅ ነው፣ ክራቫቱ ትንሽ ጠማማ፤ ነዛሃትን እንደ ወይዘሮ «ሐኑም» ይላታል።

«ነዛሃት ሐኑም፣ የብድር ጣሪያዎን ከፍ ላድርግልዎት? ይፈቀድልዎታል» አላት።

«ልጄ፣ ዝጋልኝ ነው የምልህ።»

«ከፍ ቢል ግን ይተነፍሳሉ።»

«ዝጋልኝና እተነፍሳለሁ» አለችው፤ እግረ መንገዷንም እጇን ዘርግታ ክራቫቱን አስተካከለችለት።

የአራቱም ካርድ ዕዳ አንድ ላይ ተጠቀለለ፤ ወለዱ ቀነሰ፣ በየወሩ የምትከፍለው ቁርጥ ሆነ። ካርዶቹን የቆረጥናቸው እኔ ማድቤት ነው። የጨርቁን መቀስ አምጪ ብላት እንደ እብድ አየችኝ። «የእናቴን መቀስ ለዚህ ቆሻሻ?» አለች። ከቤቷ የዶሮውን መቀስ አመጣች። አራቱንም ቀረጣጥፋ ከምሳዬ ዓሣ አጥንት ጋር ጣለቻቸው።

ከዚያ ሦስት ክረምት አለፈ። በወሬ ቀላል ነው። ካፖርቷ ነጣ ሲል ፈታችና ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ ሰፋችው፤ አዲስ የገዛች መስሏቸው በጤና ልበሺው ያሏት አሉ። የቲማቲም ድልኋን ራሷ ሰገነት ላይ ዘርግታ አደረቀች። ሰርግ መሄድ ግን አልተወችም፤ እኔ ብሆን ራሴን አመመኝ ብዬ እተኛ ነበር። እሷ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች። የሙሽራዋ ቀሚስ ወገቡ ላይ ሰፍቶ ወይ ጫፉ ተረግጦ ተቀዶ አይጠፋም፤ መርፌዋን ይዛ ተንበርክካ ታበጃለች። የወርቁ ተራ ሲደርስ ሪባኑ ጋ ሄዳ ሙሽሮቹን ትስማለች፣ ማይክሮፎን የያዘው ሰውዬ ባዶ እጇን አይቶ ወዲያ ይዞራል። የባሏ እህት ፈርሁንደ ከጠረጴዛዋ ላይ ሆና ያን ሁሉ ታያለች። «የወንድሜ ሚስት ዛሬም ክር ይዛ መጣች» ትላለች፣ ሰው እንዲሰማላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ነዛሃት ትሰማለች። ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስለ አየሩ ታወራኛለች።

የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለች ቀን ከባንኩ ስንወጣ ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም። ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ ሲሚት፣ ከሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ገዝታ ሁለቱንም ራሷ በላች። ለእኔ መግዛቷ ትዝ ያላት የሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ደስታ እንዲህ እንደሚያስርብ አላውቅም ነበር። ደስታዋን ሳይ እኔም ደስ አለኝ፣ ሲሚቱ ባይደርሰኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕጓ አንድ ነው፤ በእጇ የሌለውን አትገዛም። ለኦርቹን ሰርግ ደግሞ የልብስ ቁልፍ በምታስቀምጥበት ቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ ከየሱሪው ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ ያዘች። ኦርቹን በዚህ መሐል አድጎ መኪና የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ገብቷል፤ መነጽር ቤት የምትሠራ በርና የምትባል ልጅ አጭቷል። በርና ጸጥ ያለች፣ ዓይኗ የማያመልጠው ልጅ ናት። ያስጨነቀን ወርቁ ነበር። የሙሽራው እናት ለአንድ ልጇ ሚስት አምባር ካላጠለቀች የሰው አፍ አይለቃትም፤ አንድ አምባር ደግሞ በዚያ ሰሞን ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ቢቆጠር ቢቆጠር ከግማሽ ወርቅ አያልፍም። ግማሽ ወርቅ ማለት የሩቅ ጎረቤት የሚሰካው ነው። ነዛሃት አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ «ይበቃል» ትለኝ ነበር፤ እጇ ግን ስፌቱን ደጋግሞ ሲፈታ አያለሁ።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቅ ውስጥ ቆሜ ቀሚሴን እያሰፋችልኝ ነው።

«ወፍረሻል አብላ።»

«ጨርቁ ነው የተሰበሰበው።»

«አዎ፣ ሆድሽ አካባቢ ብቻ ተሰብስቧል።»

ያን ጊዜ ኦርቹን ገባ። እኔን ሰላም ብሎ እጄን ሳመ፤ ከጃኬቱ ውስጥ ቀይ ከፋይ ሳጥን አውጥቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ከፈተው። ሦስት አምባሮች ተደርድረዋል።

«እማ፣ እነዚህን ያዢ» አለ። «አንቺ ታጠልቂላታለሽ፣ ሰውዬው ይጠራል፣ አክስቴ ፈርሁንደ አፏን ትዘጋለች። ከእኛ በቀር ማንም አያውቅም። ሙዓላ አብላም አትናገርም።»

«እኔ አልናገርም» አልኩ። ከዕድሜ ልኬ ወሬ ሁሉ ለመዋጥ የከበደኝ ያ ነው።

ነዛሃት አምባሮቹን አልነካችም። «በምን ገዛሃቸው?» አለችው።

«እ... ቀስ ብዬ እከፍላለሁ።»

«በምን ገዛሃቸው፣ ልጄ?»

«በካርድ።»

ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካች። እኔ ግማሽ ቀሚስ ለብሼ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ፣ መቀመጥም መሄድም አልችል።

«ሰው ፊት እንድታፍሪ አልፈልግም» አለ ኦርቹን። «ስንት ዓመት ባዶ እጅሽን ስትሄጂ አይቻለሁ። የሚሉትንም ሰምቻለሁ። በእኔ ሰርግ ደግሞ እንዲሉሽ አልፈልግም። በቃ።»

«እኔ ማፈሩን ጨርሻለሁ፣ የኔ ጌታ» አለች። «ወርቅ ቤት አፈርኩ፣ ሴቶቹ ፊት አፈርኩ፣ ባንክ ቤት አፈርኩ። አለቀ። ያንተ ገና መጀመሩ ነው። ደግሞ አንተ ብቻህን አይደለህም፤ ያቺ ልጅ አንገቷ ላይ ሪባን ሳይሆን ዕዳ ታጥልቅልህ? አምጣው ካርዱን።»

«እማ...»

«አምጣው።»

አወጣና ሰጣት። ወዲያ ወዲህ አየች፤ የዶሮው መቀስ ፎቅ ላይ ነው። ያን ጊዜ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘረጋችና የእናቷን መቀስ አነሳች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በአንድ ምት ለሁለት ከፈለችው፤ ቀጥላ ለአራት። መቀሱ ላስቲክ ላይ ሲያርፍ ያወጣው ድምፅ ጥርሴን አንቀጠቀጠኝ። እሷ ስለቱን እንኳ አላየችም፤ የልጇን ፊት ነበር የምታየው።

ኦርቹን ፊቱን አዙሮ ወጣ። ተቆጥቶ ነው፣ አይፈረድበትም። እኛም ሱቁን ዘግተን አምባሮቹን ይዘን ወደ ባለወርቁ ሄድን። ባለወርቅ ወርቅ ሲሸጥልህ የእጁን ሥራ ጨምሮ ነው፤ መልሶ ሲገዛህ የእጁን ሥራ ቀንሶ። የጎደለውን ከቁልፍ ቆርቆሮው አውጥታ ሞላች፤ የካርዱ ዕዳ በዚያው ቀን ተዘጋ። የተረፈው አንድ ሩብ ወርቅ ገዛላት። ያሰበችው ግማሽ ወርቅም ቀረ። የእኔን ሰንሰለት ልስጥሽ ብላት «ያን ጊዜ በብድር ገዝቼ የሰጠሁሽን ዛሬ መልሼ ልበደረው?» አለችኝ። ተናድጄ አላናገርኳትም፤ እስከ ማታ ድረስ ብቻ።

የሰርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ቀሚሴ ልክ ሆኖልኛል። ከሰዎቹ ጋር ተራ ይዤ እኔም አንዲት ሩብ በእጄ ጨብጫለሁ፤ በጥሬ ብር የገዛኋት፣ ይህን መናገር ደስ ይለኛል። የመጀመሪያዋ መሆን ያለባት የሙሽራው እናት ነበረች። ፈርሁንደ ግን ሰውን በክርኗ እየገፋች ከፊቷ ገብታ ቆመች። ሦስት አምባሮች ለበርና አጠለቀችላት፤ እያንዳንዱን ስታጠልቅ ወደ አዳራሹ ዞር እያለች።

«የሙሽራው አክስት፣ ፈርሁንደ ሐኑም፣ ሦስት አምባር!» አለ ሰውዬው። ፈርሁንደ ድጋሚ አለችው፤ ደገመ። ከበሮው ተመታ።

ነዛሃት ቀረበች። የለበሰችው ያን ካፖርት ስትገለብጥ ከፈታችው ገበር የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ እንደሷ ልክ የለበሰ አልነበረም። ሰውዬው መዳፏን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሙሽራው እናት፣ ነዛሃት ሐኑም... አንድ ሩብ ወርቅ።»

ከበሮው ሳይመታ ቀረ። መቺው ይምታ አይምታ ግራ ገብቶታል። ፈርሁንደ ከሙሽሮቹ አጠገብ ገና አልራቀችም፤ ወደ ነዛሃት ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «ለአንድ ልጅሽ ሩብ? ሰው ምን ይላል፣ ነዛሃት?» አለቻት። ሹክሹክታ መስሏታል። ማይክሮፎኑ ከአገጯ በታች ነበር።

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ነዛሃት መርፌ ቁልፏን በጥርሷ ይዛ ሪባኑን እያስተካከለች ነበር፤ ሥራ ላይ ስትሆን ማንም አያስቸኩላትም። ወርቋን ሰካች፣ ቀጥ ማለቱን አየች፣ ቀና አለች።

«የእኔ ተከፍሏል፣ ፈርሁንደ» አለች።

በክፋት አልነበረም። አንድ ሰው ሱሪሽ አልቋል ውሰጂ እንደሚል፣ እንዲሁ። ማይክሮፎኑ ግን ይህንንም ወስዶ እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ አደረሰው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ሳቁን በሳል ቀየረው። ተራ የያዘውን ሰው ዞር ብዬ አየሁ። ቁልቁል ያላየ አልነበረም፤ ጫማቸው ላይ የወደቀ ነገር ያለ ይመስላል። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ሙሉ ወርቁን ከመዳፉ ወደ ኪሱ፣ ከኪሱ ወደ መዳፉ ሲያመላልስ ነበር።

በርና የአማቷን እጅ ስማ ግንባሯ ላይ አስነካች። ቀስ ብላም ያቺን ሩብ ከጎን ነቅላ ከሁሉ በላይ፣ ልቧ ትይዩ ሰካቻት። ኦርቹን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያኮረፈው ልጅ፣ እናቱን አቅፎ አልለቅ አለ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ በሰው ሰርግ አትልቀስ እለው ነበር። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን የያዘው ሰውዬ ስሞቹን ለራሱ የሚያነብ ይመስል ቀስ እያለ ጠራ፤ ድጋሚ ያለውም አልነበረም።

ሰርጉ አልፎ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሳወራ ፈርሁንደ ገባች። እዚያ ሱቅ ረግጣ አታውቅም። የባሏን ሱሪ ይዛለች።

«ይሄ ረዝሟል፣ አሳጥሪው» አለች።

ነዛሃት ዘርግታ አየችው። «ምንም አልረዘመ። ባልሽ አጥሮ ካልሆነ» አለቻት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈርሁንደ ለዚህ መልስ ነበራት። አሁን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ማያያዣውን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

«እነዚያ አምባሮች» አለች በመጨረሻ።

«ሦስቱም?» አለች ነዛሃት።

«ሦስቱም። ከዚያ በፊት ያሉትም።»

ቦርሳዋን ከፈተችና ካርዶቿን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠመኔውና ከሜትሩ መሐል ደረደረቻቸው። አምስት ናቸው። ስንት ዓመት «ክር ይዛ መጣች» ስትል የሰማኋት ሴት አንገቷን ደፍታ አየኋት፤ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ ነበር፣ አንጀቴን በላችው። ከነዛሃት ፊት ላይ ደግሞ የድል ምልክት ባገኝ ብዬ ብፈልግ አጣሁ። ሄዳ የሱቁን በር ዘጋች። ወንበሯን ከፈርሁንደ ወንበር አጠገብ አስጠጋች።

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዛሬ ትነግሪዋለሽ። እኔም እመጣለሁ። አሁን ወለዱ የሚበዛው የትኛው ነው? እሱን ለብቻ አድርጊው።»

ፈርሁንደ አንዱን ለይታ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ጥግ ወዳለው ትልቁ መቀስ ሄደ፤ የካርዱን ወሬ ከኦርቹን ሰምታ ኖሯል። እጇን ሰደደች። ነዛሃት ገና መቀሱን ሳትነካው እጇን ያዘቻት።

«እሱ የጨርቅ ነው፣ እህቴ» አለቻት። ወደ እኔም ዞራ፣ «ሙዓላ አብላ፣ ፎቅ፣ ቤቴ ውጪና የዶሮውን መቀስ አምጪልን» አለች።

ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ የዚያን ዕለት ግን ቶሎ ቶሎ ወጣሁ።